«ናሙናህ ስንት ነው?»፦ ምርምርን ሁሉ በአንድ ሚዛን የመመዘን ጣጣ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ዕድሜ የጠገቡ አባት ካሉ «ይኼ ሁሉ ድሮ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር» ማለታቸው አይቀርም። እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ መሬት በደን ተሸፍኖ ነበር ሲባል ነው ያደግነው።

እውነት ነው ወይ? ይህን ጥያቄ እዚሁ ወሎ ላይ፣ ያውም ከደሴና ከኮምቦልቻ አፍንጫ ሥር፣ የተለያየ ሙያ ያላቸው ተመራማሪዎች አንስተውታል። መልሳቸው ግን አንድ አይደለም። ለምን አንድ እንዳልሆነ ማየቱ ጥሩ መግቢያ ይሆነናል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ምርምር እንዴት እንደሚመዘን መነጋገር አለብን ብዬ አምናለሁና።

መጀመሪያ የሐይቁን ጭቃ የመረመሩትን እንይ። የአበባ ብናኝ በነፋስ ተነስቶ ሐይቅ ላይ ያርፋል። ይሰጥማል። ከደለሉ ጋር እየተነባበረ ይቀመጣል። አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመት ቢያልፈውም አይበሰብስም። ተመራማሪዎች ከደሴ በስተሰሜን ካሉት ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል ላይ ቱቦ ሰድደው ደለሉን እንዳለ በቁሙ አወጡት። ከላይ ወደ ታች ከፋፈሉት። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ይህ የጥድ ነው፣ ይህ የዝግባ ነው፣ ይህ የሣር ነው እያሉ ብናኙን ቆጠሩ። የየንብርብሩን ዕድሜ በራዲዮካርቦን ለኩ። ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሚተርከው የ3,000 ዓመት ታሪክ ነው።

ታሪኩ ደግሞ የምናውቀውን አይመስልም። አካባቢውን ሸፍኖ የነበረው የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቦታውን ክትክታና ሣር ያዙት። ወደ 1,800 ዓመት ገደማ እንዲሁ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥዱ ተመልሶ መጣ፤ ወይራውም አብሮት። ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ። ደኑ ጠፍቶ ነበር፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ጠፋ። «ድሮ ደን ነበር» ስንል ታዲያ የትኛውን ድሮ ነው?

ሁለተኛው የታሪክ ሰው ናቸው። ዶናልድ ክረሚ የኢትዮጵያን ታሪክ ለረጅም ዘመን ያጠኑ ምሁር ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ የተነሱ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎችን ይዘው ተነሱ። ያንኑ መልክዓ ምድር በ1997 እ.ኤ.አ. ከተነሱ ፎቶዎች ጋር አወዳደሩት። የድሮውና የአሁኑ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዛፉ በአብዛኛው ጨምሮ ታየ። ገበሬው በጓሮውና በማሳው ዳር ባህር ዛፍ ሲተክል ኖሯል። ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ተቃራኒውን ነበር።

ሦስተኞቹ ከላይ ያዩ ናቸው። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ከኮምቦልቻ ዙሪያ ያለውን የቃሉ ወረዳ የ1958 እና የ1986 እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶግራፎች አወዳደሩ። እዚህ ደግሞ ደንና ቁጥቋጦ ቀንሷል። ገላጣ መሬትና መኖሪያ ጨምሯል። የሚታረሰው መሬት ስፋት ግን ብዙም አልተለወጠም። ለደን መመናመን ሁልጊዜ ሞፈሩን ለምንከስስ ሰዎች ይቺ የመጨረሻዋ ግኝት ቆም ብላ ታሳስባለች።

ማን ዋሸ? ማንም። ብናኝ ቆጣሪዎቹ የሚያዩት የመቶና የሺህ ዓመት ለውጥ ነው። አንድ ሸንተረር ላይ ስንት ዛፍ እንደቆመ ሊነግሩን አይችሉም። ፎቶው ደግሞ እያንዳንዱን ዛፍ ያሳያል፤ ከ1937 በፊት ስለነበረው ግን አንድም ቃል አይናገርም። ካሜራው ወደ ዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው። የአየር ፎቶው ወረዳውን ሙሉ ይሸፍናል፤ የሚሸፍነው ዘመን ግን 28 ዓመት ብቻ ነው። «ዛፍ» እና «ደን» የሚባለውም አንድ ዓይነት አይደለም። ለፎቶው በጓሮ የቆመ ባህር ዛፍ ዛፍ ነው። የዕጽዋት ባለሙያ ግን ያንን ደን ብሎ አይቆጥረውም፤ ዝግባና ጥዱን ነው የሚፈልገው። ያቺ 40 በመቶ የምትባለው ቁጥርስ? የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ምንጯን ወደ ኋላ ተከታትለው መሠረቷ የላላ መሆኑን አሳይተዋል። ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተገለበጠች ነው የኖረችው።

አሁን እነዚህ ሥራዎች ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ገምጋሚ ኮሚቴ ቀረቡ እንበል። ኮሚቴው የያዘው ቅጽ አንድ ነው። ናሙና ስንት ነው? የስታትስቲክስ ዘዴው ምንድን ነው? ስንት ወር ፈጀ? የትኛው መጽሔት ላይ ወጣ? ለማኅበረሰቡ ምን ችግር ፈታ? ብናኝ ቆጣሪዎቹ ምናልባት ያልፋሉ። የፎቶው ሥራ «ናሙናው አልተሰላም» ተብሎ የሚወድቅ ይመስለኛል። ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ስለ ወሎ መሬት የምናውቀው ነገር ሲሦው ይጎድላል።

ችግሩ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። «ናሙናህ ስንት ነው?» የምትለዋን ጥያቄ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ (ዲፌንስ) ላይ የቋንቋ ተማሪውም፣ የታሪክ ተማሪዋም፣ የፍልስፍናውም ሲጠየቋት ትሰማለህ። ጥያቄዋ የተወለደችበት ቤት ግን ይታወቃል። እስቲ ወደዚያ ቤት እንግባ።

የጤና ትምህርት የተማረ ሰው 384 የምትለዋን ቁጥር ስትጠራበት ፈገግ ይላል። ደሴ ይማር ጎንደር፣ ጅማ ይማር ሐዋሳ፣ ያውቃታል። ሒሳቧ እንዲህ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ደም ግፊት ያለበት ሰው ስንት በመቶ እንደሆነ አናውቅም እንበል። ካላወቅን 50 በመቶ ብለን እንነሳለን፤ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው ግምት እሱ ስለሆነ ነው። ከእውነተኛው መጠን ከ5 ነጥብ በላይ ላለመራቅ እንፈልጋለን። በዚህም 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን እንፈልጋለን፤ የዚህ መለኪያው 1.96 ነው። 1.96 በራሱ ይባዛል። ከዚያ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ይባዛል። የ0.05 ካሬ ለሆነው 0.0025 ሲካፈል 384 ይመጣል። መልስ የማይሰጥ ሰው አይጠፋም ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ወይም 423 ይሆናል። በየሆስፒታሉ ኮሪደር መጠይቅ ይዘው የምናያቸው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አራት መቶ ምናምን ሰው የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። አራት መቶ ሰው ጠይቆ ስለ መላው ከተማ መናገር መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ከተማው የደሴን ያህል ይሁን የአዲስ አበባን፣ ቁጥሯ ብዙም አትለወጥም። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። የምትጠይቀው ነገር «ስንት በመቶ?» የሚል መሆን አለበት። ሰዎቹም ለዚያ ጥያቄ ሲባል እርስ በርስ የሚተካኩ መሆን አለባቸው። ከ384ቱ አንዷ ብትቀር ሌላ ሴት ትተካታለች። ጥናቱ አይናጋም።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ሌላ ዓለም ነው። በገዳሙ የሚገኘው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው ብራና የተጻፈው በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. ነው። የተጻፈበት ዘመን በውል ከሚታወቅ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ይህም ተነስቶ ቁጥር 1832 ተሰጠው። የፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ባለሙያው ይህን ብራና ለዓመታት ሊያነበው ይችላል። ቀለሙን ያያል። የእጅ ጽሕፈቱን ከሌላ ያነጻጽራል። በኅዳጉ ላይ ማን ምን ብሎ እንደጻፈ ይለያል። ናሙናው አንድ ነው። የሚተካው ሌላ የለም፤ ዋጋውም ከዚያ ላይ ነው የሚመጣው።

የወሎን እስልምና ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በ2001 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። የዐረብኛ ጽሑፎችን አነበቡ፣ የሼኾችን ገድል መረመሩ፣ ከሽማግሌ አፍ የሚነገረውን ሰበሰቡ። እንደ ጃማ ንጉሥና ዳና ያሉትን የእስልምና ማዕከላት ታሪክ የምናውቀው በዚህ ዓይነት ድካም ነው። በዚህ ሙያ አንድ ሽማግሌ የነገሩህ ነገር ከመቶ መጠይቅ ሊበልጥ ይችላል። እርግጥ ሽማግሌው ያሉትን ሁሉ እንዳለ መቀበል የለም። ከጽሑፍ ጋር ታመሳክራለህ፣ ከሌላ ወገን ከሚነገረው ጋር ታጋጫለህ፣ ማን ለምን እንዲህ እንደሚል ትጠይቃለህ። የታሪክ ሙያ ጥብቅነቱ እዚህ ላይ ነው። የታሪክ ተማሪን «ናሙናህ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህን ምንጭ በምን አመሳከርከው?» ማለት ነው የሚያስጨንቀው። የሚገባውም እሱ ነው።

ጤፍ በሜትር፣ አቡጄዲ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ቢመጣ ሰው ይስቅበታል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን ግን ዝም እንላለን።

የሙያዎች ልዩነት ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ስለ ረሃብ የተጻፈውን ሳነብ ነው። የ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃብ የወሎን ስም በዓለም ላይ አስነስቷል። በጊዜው የነበረው ማብራሪያ ቀላል ነበር፤ ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሞተ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ግን ሌላ ነገር አዩ። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ካነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ነው። በረሃቡ ጊዜ የደሴ ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር።

እስቲ አስቡት። ሰው እየረገፈ ዋጋው ለምን አልጨመረም? የሴን መልስ ይህ ነው፤ ምርቱ የጠፋበት ገበሬ ያጣው እህሉን ብቻ አይደለም፣ መግዣውንም ነው። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደርም እንዲሁ። መግዣ የሌለው ሰው ገበያ ላይ ድምፅ የለውም። ስለዚህ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። የረሃብ ጥናት ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ መልኩ ተለወጠ። ሴን በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የረሃብ ጥናታቸውም ከተጠቀሱት ሥራዎቻቸው አንዱ ነበር። የሰኞ ገበያ ሸማቾችና ነጋዴዎች የተከራከሩበት ዋጋ እዚያ ድረስ መድረሱ ያስገርመኛል።

ተቺዎች ዝም አላሉም። የደሴ ዋጋ የደሴ ነው፤ መኪና የማይገባበት የቆላ ቀበሌ ዋጋ ምን ያህል እንደነበር አይናገርም አሉ። መንገድ በሌለበት አገር ገበያው የተቆራረጠ ነው አሉ። ትክክለኛ ትችት ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ በጂኦግራፊ ባለሙያ ዓይን መጡ። ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ይዘው የገጠሩ ሰው ለረሃብ ለምን እንደተጋለጠ መረመሩ። የተፈጥሮውን ብቻ ሳይሆን ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀረውን ሥርዓት አሳዩ። ቀጥለው የማኅበረሰብ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ ወደ ወሎዋ አምባሰል ሄዱ። ጥያቄያቸው ከሁሉም ይለያል። ሰው ለምን ሞተ ከማለት ይልቅ፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተረፈው ሰው እንዴት ተረፈ አሉ። ገበሬው ችግሩ ሲመጣ አስቀድሞ እንደሚያይ፣ ምግቡን እንደሚቀንስ፣ ፍየሉንና በጉን ሽጦ በሬውን እስከ መጨረሻ ይዞ እንደሚቆይ፣ ሁሉም ሲሟጠጥ አገር ለቆ እንደሚሰደድ አሳዩን።

ገበሬው በሬውን ለምን የሙጥኝ እንደሚል ከደሴ የዋጋ ሰንጠረዥ አታገኘውም። እህሉ ለምን ወደ አስመራ እንደሄደም አምባሰል ላይ ካለ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ አይታወቅም። ዝናቡን የሚለካው የአየር ጠባይ ባለሙያም ያስፈልጋል፤ በልግ ጠብቀው የሚዘሩት የወሎ ደጋዎች በልጉ ሲቀር የሚሆኑትን እሱ ነው በቁጥር የሚያስቀምጠው። አንዱ ሌላውን የሚተካ የለም።

በሌሎቹ ሙያዎች ላይ ብዙ አልቆይም፤ የጊዜ ጉዳይ ግን መነሳት አለበት። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ኮንክሪት ሲፈትሽ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ይሠራል፣ ውሃ ውስጥ ያቆየዋል፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይጨፈልቀዋል። በወር ውስጥ ውጤት አለው። ሰሜን ወሎ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ ማሽላን አቀንጭራ ከሚባለው ጥገኛ አረም ለማዳን የሚሠራ ሰው ግን ክረምት መጠበቅ አለበት። አንድ ክረምት ዝናቡ ከተበላሸ ሌላ ክረምት። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። እሱን የሚታገል ተመራማሪ በስድስት ወር ሪፖርት ሊለካ አይችልም። የሒሳብ ሊቁ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሁለት ዓመት ይቀመጥና ምንም ላያገኝ ይችላል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ገጽ ተኩል ያመጣ ይሆናል።

ሚዛኑን ያጠበበው ምን እንደሆነ ስናይ ነገሩ ከእኛ አገርም ይሰፋል። የአንድን መጽሔት ደረጃ ለማወቅ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ እንዲህ ይሰላል፦ መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ይህ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ሁለት ዓመት! በሕክምና ዘርፍ ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ አዲስ መድኃኒት ሲወጣ ሁሉም ወዲያው ይጠቅሰዋል። የታሪክ ጽሑፍ ግን ሃያ ዓመት ቆይቶም ይጠቀሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣውን የክረሚን የፎቶ ጥናት እኛም ዛሬ እያነሳነው ነው። በዚያ ሒሳብ ይህ ዋጋው ዜሮ ነው።

የደራሲ ቁጥርንም ውሰዱ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሂግስ ቦሶን የተባለችውን ረቂቅ ቅንጣት ክብደት ያሳወቀው የፊዚክስ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት። ከ33ቱ ገጽ ውስጥ ጽሑፉ ራሱ 9 ገጽ ብቻ ነው፤ የቀረው የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አስር ዓመት ደክሞበት ይወጣል። በሕክምናው ዓለም ስሙ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ደግሞ ስም የሚደረደረው በአብዛኛው በፊደል ቅደም ተከተል ነው። «የመጀመሪያ ደራሲ ካልሆንክ ነጥብህ ይቀንሳል» የሚል መመሪያ እንግዲህ ስሙ በላቲን ዜድ ለሚጀምር የሒሳብ መምህር ምን ያህል ፍትሐዊ ነው?

ይህን ችግር ያዩ ምሁራን በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተነጋግረው መግለጫ አውጥተዋል። የመጽሔትን ደረጃ የአንድን ተመራማሪ ሥራ ለመመዘን አትጠቀሙበት የሚል ነው። ብዙ ተቋማት ፈርመውበታል። እኛ ዘንድ ግን የማዕረግ ዕድገት የሚፈልግ መምህር የመጀመሪያ ጭንቀቱ «ስንት ፔፐር አለኝ?» ነው። መጽሐፍ፣ የብራና ካታሎግ፣ የቃል ታሪክ ስብስብ፣ ለገበሬ የተዘጋጀ ማኑዋል ሲቀርብ ምን ያህል ነጥብ እንደሚያሰጥ ሁልጊዜ ክርክር ነው። ጭንቀቱ ሲበረታ ደግሞ በር ከፍተው የሚጠብቁ መጽሔቶች አሉ። ዶላር ተቀብለው፣ ማንም ሳይገመግመው፣ በቀናት ውስጥ ያወጡልሃል። ፕሬዳተሪ ይሏቸዋል። አንድ መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ ለእነዚህ ሲከፍል ማየት ያማል። ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም የሚያደርገው። የያዝነው ሚዛን ወደዚያ ገፍቶታል።

የመንግሥት ፖሊሲም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናት እንዲገባ ተወሰነ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ ኮምቦልቻን የሚያህል የኢንዱስትሪ ከተማ ባለበት አካባቢ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን 70 እና 30 የሚለው ከወንበር ቁጥር አልፎ ወደ ሰው አእምሮ ገባ። «ሶሻል ምን ምርምር አለው?» የሚል ወሬ በየካፌው የተለመደ ሆነ። የረሃቡን ምሥጢር ለማወቅ የደከሙት ግን ኢኮኖሚስት፣ ጂኦግራፈርና የማኅበረሰብ ተመራማሪ ነበሩ።

ጦርነቱም ልዩነቱን አጉልቶ አሳይቶናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል። የደሴ ሆስፒታልም እንዲሁ። ለላብራቶሪ ሰው ይህ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው። ማይክሮስኮፕ ከሌለ፣ ፍሪጅ ከሌለ፣ ኬሚካል ከሌለ ጥያቄውም አብሮ ይቆማል። የፊልድ ሥራ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመው፤ የሚጠይቃቸው ሰዎች ተፈናቅለዋል፣ ያዘኑና የደነገጡ ናቸው። በዚያ ሰሞን መጠይቅ ይዞ ሰው ቤት መሄድ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ራሱ የምርምር ሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ለሁሉም እኩል «በዚህ ዓመት ስንት አሳተማችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም እንዳልሆነ መቁጠር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ቋንቋ። የቃሉ ገበሬ በአማርኛ ይጠየቃል። መልሱ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። ፔፐሩ በእንግሊዝኛ ይወጣል። ወደ ገበሬው የሚመለስ ነገር የለም። በፊዚክስ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ቀመሩ ያው ቀመር ነው። መንዙማ ወይም የዳኝነት ባህል ለሚያጠና ሰው ግን ማስረጃው ራሱ ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ጻፍ ማለት ማስረጃህን ጥለህ ና እንደማለት ነው። በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ጥናት፣ በሁለት እውነተኛ ባለሙያዎች ተገምግሞ ከወጣ፣ ሙሉ ነጥብ የማያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ እያንዳንዱ ሙያ እንደፈለገው ይሁን፣ ማንም አይጠይቀው ማለቴ ነው ወይ? በጭራሽ። በየሙያው ደካማ ሥራ አለ። 384 ሰው ጠይቆ መጠይቁን ከሌላ ከተማ ጥናት የገለበጠ አለ። አንድ ሽማግሌ አነጋግሮ ሳያመሳክር «ታሪክ» ብሎ ያቀረበም አለ። ሁለቱም መውደቅ አለባቸው። የሚወድቁበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን የሚይዘው የስታትስቲክስና የጤና ሰው ነው። ሁለተኛውን የሚይዘው ደግሞ ምንጭ የሚያውቅ የታሪክ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ቀላል ነው፤ ገምጋሚው ከዚያው ሙያ ይሁን፣ መመሪያውም ለየኮሌጁ የተለየ ክፍል ይኑረው። ገንዘብ አይጠይቅም።

ኮምቦልቻ ላይ ይህን ለመሞከር የተዘጋጀ ጉዳይ አለ። ሌዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ ቦርከና ይወርዳሉ። የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። የውሃ ተመራማሪዎች ናሙና ወስደው ለክተዋል፤ ከቆዳ ሥራ የሚመጣ ክሮሚየም፣ ከብረት ሥራ የሚመጣ ዚንክ አግኝተዋል። ጥናቱ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። የኬሚስትሪው ክፍል በሚገባ ተሠርቷል ማለት ነው።

ውጤቱ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ከወንዙ በታች አትክልት ለሚያለማ ሰው ቢነበብለት ግን ጥያቄው ወዲያው ይቀየራል። «ታዲያ ቃሪያውን ልትከል ወይስ ልተው?» ይላል። ይህን ለመመለስ ብረቱ ከውሃው ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ቃሪያው ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚያውቅ የአፈር ባለሙያ ያስፈልጋል። ቃሪያውን የሚበላው ሰው ምን እንደሚሆን የጤና ባለሙያው ለዓመታት መከታተል አለበት፤ እዚህ ላይ ያቺ የናሙና ሒሳብ በትክክለኛ ቦታዋ ትገባለች። ልተው ካለ ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር የሚያሰላ ኢኮኖሚስት ይጠየቃል። ፋብሪካው ምን ያህል እንዲለቅ እንደተፈቀደለትና ማን እንደሚቆጣጠረው የሕግ ሰው ይመርምር። ከፋብሪካው በፊት ወንዙ ምን ይመስል እንደነበር ደግሞ ዳርቻው ላይ ያረጁትን እናቶች የሚጠይቅ ሰው ይሂድ። አምስቱም እኩል ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ የሚያወጡት ጽሑፍም አይመሳሰልም። ያቺ እናቶቹን ያነጋገረችው ተመራማሪ ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ግን፣ ከማን ሰማሽ፣ በምን አመሳከርሽው፣ ምን ጎደለሽ ተብላ ነው መጠየቅ ያለባት።